ፓስታ በፎሶሊያ፦ በፔስቶ፣ በቲማቲም ወይስ በነጭ ሽንኩርት?

ፎሶሊያ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ከካሮት ጋር ሆኖ በበያይነቱ ጥግ የሚቀመጠው ነው። ፓስታ ሲባል ደግሞ ስጎ። ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ መክተት መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። «ፓስታው ምን በደለህ?» ብላኛለች እህቴ፣ የመጀመሪያ ቀን ስሠራው። በልታ ስትጨርስ ግን ሰሃኑን በዳቦ ጠርጋዋለች።

ጣሊያን ውስጥ ተራ የቤት ምግብ ነው። በሰሜን ምዕራብ፣ በጄኖቫና በሊጉሪያ የባሕር ዳርቻ፣ በፔስቶ ይሠሩታል፤ ፔስቶ ባዚል ከሚባል ቅጠል፣ ከፎርማጆና ከወይራ ዘይት የሚወቀጥ አረንጓዴ ስጎ ነው። ካርታው ላይ የቦቲ ጫማው ተረከዝ የሆነችው ፑሊያ በቲማቲም ትሠራዋለች። ሦስተኛው መንገድ የማንም ከተማ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለው ሁሉ የሚሠራው ነው። እኔ ሦስቱንም እሠራለሁ። የትኛውን መቼ እንደምሠራ ነው እዚህ የምጽፈው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። ብዙ ሰው ምርጫውን ከስጎው ይጀምራል። ዛሬ ፔስቶ አማረኝ ይልና ያገኘውን ፎሶሊያ ይከትበታል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ምግብ አበላሽቻለሁ። አሁን የምጀምረው ከፎሶሊያው ነው። እሱ ነው የሚወስነው።

መጀመሪያ ሰብራችሁ እዩት

አንዱን አንሱና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ እጠፉት። ቀጭ ብሎ ለሁለት ከተሰበረና ስብራቱ ላይ እርጥበት ብልጭ ካለ ለጋ ነው። እንደ ጎማ ጎብጦ እምቢ ካለ፣ ተሰብሮም በጎኑ ክር ይዞ ከተንጠለጠለ አርጅቷል። ከውጪ አይታችሁም ትለያላችሁ፤ ያረጀው ውስጡ ያለው ፍሬ አብጦ ቆዳው ጉብ ጉብ ይላል። ጉልት ላይ ሻጯ ካላኮረፈችባችሁ አንድ ሰብሮ ማየት ይቻላል። ብታኮርፍም ኪሎ ስትገዙ ትታረቃለች።

ለጋውና ቀጭኑ ለፔስቶ ነው። ፔስቶ እሳት አይነካውም። ስለዚህ ፎሶሊያው የሚበስለው ውሃ ውስጥ በሚቆይባት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ያልለሰለሰ ፎሶሊያ ጥርስ መሃል ክር ሆኖ ይቀራል። ያረጀውና ወፍራሙ ለቲማቲም ይሁን፤ እዚያ ቀስ ብሎ ለመብሰል ጊዜ አለው። መካከለኛው፣ ወይም ከፍሪዘር የወጣው፣ ለነጭ ሽንኩርቱ ነው። የፍሪዘር ፎሶሊያ ከመታሸጉ በፊት በፈላ ውሃ ስለሚነከር ቶሎ ይለሰልሳል፣ ውሃም ይቋጥራል። መጥበሻ ላይ ያ ውሃ ሲተን ይስተካከላል። የቆርቆሮውን ለአንዱም አልመክርም። ቤት ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ቲማቲም ውስጥ ክተቱት፤ እዚያ ጉዱ ይሸፈናል።

ጫፍና ጫፉን መቀንጠስ ለሁሉም ነው። ያረጀው ላይ ግን ጫፉን ስትሰብሩ እስከ መጨረሻ አትቁረጡት። በክሩ እንደተያያዘ ወደ ታች ሳቡት፣ ክሩ በሙሉ አብሮ ይወጣል። በሁለቱም ጎን ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ቡና እየተፈላ ቢሠራ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄም አለ። ጥሬ ፎሶሊያ ሌክቲን የሚባል ሆድ የሚያውክ ነገር አለው። በደንብ መቀቀል ያጠፋዋል። ፓስታው አል ዴንቴ ይሁን፣ ጥርስ ላይ ያዝ ያድርግ፤ ፎሶሊያው ግን ግማሽ ጥሬ ሆኖ መቅረብ የለበትም። ጣሊያኖችም እንደዚያ አይበሉትም።

ጥቅሉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ

ጥቅሉ ላይ «10 ደቂቃ» ብሎ የጻፈው ሰው ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አስቦ ነው። ጄኖቫም ሆነች የፑሊያዋ ባሪ ባሕር ዳር ናቸው፣ እዚያ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስምንት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። እኔ ቤት ግን 10 ደቂቃ የተባለው ፓስታ 12፣ አንዳንዴ 13 ይፈጃል። ፎሶሊያና ድንች ላይ ልዩነቱ ይብሳል።

እዚህ የምሰጣቸው ደቂቃዎች የአዲስ አበባ ናቸው። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ ሩብ ያህል ቀንሱ። ድሬዳዋ ያላችሁ መሃል ላይ ናችሁ፤ ቅመሱና ወስኑ።

የውሃው ልክ ለሦስቱም አንድ ነው። ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃና 10 ግራም ጨው። 10 ግራም ማለት ወደ ሁለት ልክ የሻይ ማንኪያ ነው። ይበዛል ብላችሁ አትደንግጡ፤ አብዛኛው ከውሃው ጋር ይደፋል። ዘይት ውሃው ላይ ማፍሰስ ከጥንትም ጥቅሙ አይታየኝም።

ፓስታውን ስትገዙ ከዱረም ስንዴ መሠራቱን ጥቅሉ ላይ አንብቡ። ጣሊያን ውስጥ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ሰሞሊና (ሻካራ ዱቄት) ብቻ እንዲሠራ በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ። ምክንያቱን ድስቱ ይነግራችኋል፤ ከዳቦ ስንዴ የተሠራው ሁለት ደቂቃ ካለፈበት ይሟሽሻል፣ ፎሶሊያውን ስትደባልቁ ይቆራረጣል። ዱረም እኛም ከጥንት የምናበቅለው ስንዴ ነው፤ የአገራችን የዱረም ዝርያዎች ብዛት በዓለም የታወቀ ነው።

በፔስቶ

የጄኖቫው ሰሃን ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ፓስታ፣ ድንችና ፎሶሊያ። ሦስቱም አንድ ድስት ውስጥ ይቀቀላሉ፣ ከዚያ በፔስቶ ይታሻሉ። ፓስታው ትሬኔቴ ነው፣ ከስፓጌቲ ጠፍጠፍ ያለ ረጅም። ወይም ትሮፍዬ፣ በእጅ የተጠመዘዘ አጭር። ሁለቱን ካጣችሁ ሊንግዊኔ፣ እሱንም ካጣችሁ ተራው ስፓጌቲ። ፓስታ ላይ ድንች መጨመር ግር ይላል፣ አውቃለሁ። ግን የድንቹ ጫፍ ጫፍ ውሃው ውስጥ ይሟሟና ፔስቶውን ፓስታው ላይ የሚያጣብቅ ወፈር ያለ ነገር ይሆናል። ድንቹን ትታችሁ ብትሠሩት ፔስቶው ሰሃኑ ሥር ይቀራል።

ፔስቶ የሚለው ስም «መውቀጥ» ከሚለው የጣሊያንኛ ግስ የመጣ ነው። ጄኖቫዎች የእብነ በረድ ሙቀጫና የእንጨት ዘነዘና ይጠቀማሉ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ጄኖቫ ላይ የዓለም የፔስቶ ውድድር ያካሂዳሉ፣ ሁሉም በእጅ ወቅጦ ነው የሚወዳደረው። ሙቀጫና ዘነዘና እኛ ቤት ስለማይጠፋ መጀመሪያ ቀን ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። የኛ ቤት ሙቀጫ ለዓመታት ምን ሲወቀጥበት እንደኖረ። ፔስቶዬ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ አለ። ለፔስቶ የተለየ ሙቀጫ ከሌላችሁ የድንጋዩን ተጠቀሙ። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ወቅጣችሁ ድፉት፣ ሽታውን ይዞ ይወጣል።

አሠራሩ ይህ ነው። ለአራት ሰው አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ወቅጡ። 20 ግራም ፒኖሊ (የፓይን ዛፍ ፍሬ) ጨምራችሁ ወቅጡ። ከዚያ 50 ግራም የባዚል ቅጠል ከትንሽ ሻካራ ጨው ጋር በየተራ ጨምሩ። እዚህ ላይ መደብደብ ይቁም። ዘነዘናውን በሙቀጫው ግድግዳ ላይ እያዞራችሁ እሹት። ቅጠሉ ሲደበደብ ይጠቁራል፣ ሲታሽ ግን አረንጓዴ ሆኖ ውሃውን ይለቃል። በመጨረሻ የተፈቀፈቀ ፎርማጆ፣ 40 ግራም ፓርሚጃኖና 20 ግራም ፔኮሪኖ፣ ከዚያ ሩብ ብርጭቆ የማይሞላ የወይራ ዘይት። ፎርማጆዎቹ ጨው ስላላቸው ቀምሳችሁ ነው ሌላ ጨው የምትጨምሩት።

ጁስ መፍጫ የማትጠቀሙበት ምክንያት የለም፣ ግን ምላጩ ይሞቃል፣ ሙቀት ባዚልን ያጠቁራል። መፍጫውን ፍሪዘር ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ዘይቱንም አቀዝቅዙት። ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ፍጩ። እኔ አንዴ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ለቅቄው የወጣው ነገር የጎመን ክትፎ ይመስል ነበር።

ቅጠሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጄኖቫዎች ፕራ ከሚባለው የከተማቸው ሰፈር የሚመጣውን ትንንሽ ቅጠል ያለውን ባዚል ያከብራሉ፤ «የጄኖቫ ባዚል» የሚለው ስም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው። የኛ በሶብላ የዚያው ተክል ዘመድ ነው። ታዲያ ለምን በሶብላ አንጠቀምም? ሞክሬዋለሁ። ችግሩ በሶብላ የኛ አፍንጫ ላይ ትዝታ አለው። በጠቅላላ ከበሶብላ የተሠራ ፔስቶ ስትቀምሱ አእምሯችሁ ሽሮ ይጠብቃል። ኃይለኛም ነው፣ ፎሶሊያውን ይውጠዋል። ሱፐርማርኬት ባዚል ካጣችሁ የሚሠራው መንገድ አንድ እጅ ለጋ የበሶብላ ቅጠል በሁለት እጅ ፐርስሊ ነው። ደረቁን በሶብላ አትሞክሩት።

ፒኖሊ በየቦታው ውድ ነው፣ እዚህማ አይጠየቅም። ካሽው ጥሩ ይተካዋል። ኦቾሎኒም ይሆናል፣ ሳይቆላና በትንሹ ከሆነ። ወይም ጭርሱን ተዉት፤ ድንበር ተሻግረው ፈረንሳይ ፕሮቫንስ ያሉት ጎረቤቶቻቸው ፒስቱ የሚሉትን የሚሠሩት ያለ ፍሬ ነው።

«እንደሱ ከሆነ ፔስቶ አይባልም» የሚል ይኖራል። ለእሱ መልስ አለኝ። በ1863 እ.ኤ.አ. ጄኖቫ ውስጥ የታተመ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ላይ ያለው ፔስቶ ውስጥ የሆላንድ ፎርማጆ አለ፣ ቅቤ አለ። ባዚል ከጠፋ ማርጆራምና ፐርስሊ ተጠቀሙ ይላል። የሆላንድ ፎርማጆ ጄኖቫ ወደብ ስለሆነች በመርከብ የሚመጣላቸው ነበር። ታዲያ እኔ ጎዳ የሚባለውን የሆላንድ ፎርማጆ ብፈቀፍቅ ማን ይከሰኛል?

አቀቃቀሉ ተራ አለው። 200 ግራም ድንች የጣት ጫፍ በሚያህል ቁረጡ፣ 150 ግራም ፎሶሊያ ለሁለት ወይም ለሦስት ስበሩ። ሁለቱን አንድ ላይ በፈላው ጨው ያለው ውሃ ክተቱ። ክዳኑን አትክደኑ። ፎሶሊያ ሲበስል አሲድ ይለቃል፤ ክዳን ካለ አሲዱ ተመልሶ ይገባና አረንጓዴውን ወደ ቡኒ ይወስደዋል። ከአራት ከአምስት ደቂቃ በኋላ 350 ግራም ፓስታ ጨምሩ፣ እስኪበስል 12 ደቂቃ ያህል። ከማጥለላችሁ በፊት አንድ ጭልፋ ውሃ አስቀሩ። ፔስቶውን ሰፊ ሳህን ላይ አድርጉ፣ በሁለት ሦስት ማንኪያ የፓስታ ውሃ አቅጥኑት፣ ከዚያ ሁሉንም ገልብጣችሁ አሹት። ሳህኑ ከእሳት ውጪ መሆን አለበት። ፔስቶን ከሽንኩርት ጋር መጥበሻ ላይ ሲያቁላሉት አይቻለሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ፎርማጆው ላስቲክ ሆነ፣ ባዚሉ ጠቆረ፣ ሂሳቡ ግን አልቀነሰም።

እንግዲህ ፔስቶን የምመርጠው ፎሶሊያው ለጋ ሲሆን፣ እንግዳ ሲኖርና ጊዜ ሲኖረኝ ነው። ለጾም አይመችም፣ ዋጋውም ከሦስቱ ይበዛል። መቆየት አይችልም፤ ተሠርቶ ወዲያው ይበላል።

በቲማቲም

አንድ ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ይህንን ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሁሉም ዕቃ ጉልት ላይ አለ፣ ያረጀውም ፎሶሊያ እዚህ ክብር ያገኛል።

ፑሊያዎች ለዚህ ምግብ የሚወዱት ፋጆሊኒ ፒንቲ የሚሉትን ረጅምና ቀጭን ነው። ፋጆሊኒ ማለት ፎሶሊያ ነው፤ ቃሉን ስትሰሙት ከኛው ጋር ዝምድናው ይታወቃችኋል። የሚገርመው ግን ፋጆሊኒ ፒንቲ ከተለመደው ፎሶሊያ የተለየ ተክል መሆኑ ነው። የተለመደው ፎሶሊያ እንደ ቲማቲሙ ሁሉ ከኮሎምበስ በኋላ ከአሜሪካ የመጣ ነው። የፑሊያው ግን በእንግሊዝኛ ካውፒ የሚባለው ተክል ለጋ ዘለላ ነው፣ እሱ ደግሞ መጀመሪያ የለማው አፍሪካ ውስጥ ነው። በገልፍ አገሮች ያላችሁ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናችሁ። የሕንድና የፊሊፒንስ ሱቆች እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የሚሸጡት ክንድ የሚያህል ፎሶሊያ የዚሁ ተክል ዝርያ ነው። ለዚህ ምግብ ከተራው ይሻላል። ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ከስፓጌቲው ጋር ሹካ ላይ አብሮ ይጠቀለላል። ደስታውም እዚያ ላይ ነው፣ አንዱ ጉርሻ ውስጥ የቱ ፓስታ የቱ ፎሶሊያ እንደሆነ አይለይም።

መጠኑ ከፔስቶው ይለያል። እዚህ ፎሶሊያው ጌጥ አይደለም። ለ350 ግራም ስፓጌቲ 500 ግራም ፎሶሊያና 500 ግራም የበሰለ ቲማቲም።

አሁን መጀመሪያ ላይ ያበላሸሁበትን ልንገራችሁ። ቲማቲሙን አበሰልኩ፣ ጥሬ ያረጀ ፎሶሊያ ከተትኩበት፣ ከደንኩ። ግማሽ ሰዓት፣ ምንም የለም። አንድ ሰዓት፣ አሁንም ጠንካራ። እንግዶች መጥተው ቁጭ ብለዋል። በኋላ ነው ምክንያቱን ያወቅሁት። የቲማቲም አሲድ የአትክልትን ግድግዳ ያጠነክረዋል፣ ፎሶሊያው እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። ስለዚህ ፎሶሊያው ቲማቲም ከመንካቱ በፊት በጨው ውሃ መቀቀል አለበት። ለጋው 8 ደቂቃ፣ ያረጀው 15። ጥፍር ሲጫነው እሺ የሚል መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ቲማቲሙ ገብቶ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። የቀቀላችሁበትን ውሃ አትድፉት፣ ፓስታውን ትቀቅሉበታላችሁ።

ቀለሙ ግን ይሄዳል። አረንጓዴው ወደ ወይራ ቅጠል ዓይነት ይደበዝዛል፣ ይህም የዚያው አሲድ ሥራ ነው። አትከላከሉት። አንዳንድ ሰው አረንጓዴ እንዲቆይ ሶዳ ይጨምራል። ቀለሙ ይቆያል፣ ፎሶሊያው ግን ሊጥ ይሆናል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል።

ስጎው ላይ የኛን ልማድ ትንሽ መግታት ያስፈልጋል። ቀይ ሽንኩርት የለም። ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት ላይ ለስላሳ እሳት ላይ ወርቃማ እስኪል፣ አንድ ደረቅ ሚጥሚጣ ፍሬ፣ ከዚያ የተላጠና የተከተፈ ቲማቲም፣ ጨው። በቃ። የቲማቲም ድልህ የሚያስፈልገው ቲማቲሙ ውሃ ውሃ ካለ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በርበሬ ከገባ መጥፎ አይሆንም፣ ግን ሌላ ምግብ ይሆናል።

ከላይ የሚፈቀፈቀው ካቾሪኮታ የሚባል ከፍየል ወይም ከበግ ወተት የሚሠራ ጨዋማ ነጭ አይብ ነው። እዚህ አላገኘሁም። የኛን አይብ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ፣ ውሃው እንዲወጣ ከባድ ነገር ጭኜበት፣ ጨው ነስንሼ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን አቆየሁት። ይፈረፈራል እንጂ አይፈቀፈቅም። ጣዕሙ ያው አይደለም፣ ግን ቲማቲሙን ያለዝበዋል። እኔ በዚሁ ቀጥያለሁ።

በነጭ ሽንኩርትና ዘይት

ይህ የሥራ ቀን ማታ ነው። ውሃው እስኪፈላ ካልተቆጠረ 20 ደቂቃ። ብዙ የሚባልለት ነገር የለም፣ ግን ሁለት ቦታ ላይ ያንሸራትታል።

አንዱ ነጭ ሽንኩርቱ ነው። በስሱ ቁረጡት፣ ቀዝቃዛ ዘይት ላይ አድርጉትና እሳቱን ለኩሱ። ጫፉ ቢጫ ሲል በቃው። ቡናማ ከሆነ መርሯል፣ ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድነው የለም። ሁለተኛው ውሃው ነው። ፎሶሊያውና ፓስታው አብረው ተቀቅለው ወደ መጥበሻው ሲገቡ ግማሽ ጭልፋ የፓስታ ውሃ አብሮ ይግባ። ለአንድ ደቂቃ እየወዘወዛችሁ አሹት። ዘይቱና ውሃው ተዋህደው ነጣ ያለ ስስ ስጎ ይሆናሉ። ያለ ውሃ ከሆነ ፓስታው በዘይት የተነከረ ጥልፍልፍ ነው።

ለማቃጠል የተከተፈ ደረቅ ሚጥሚጣ ፍሬ ተጠቀሙ። ተዘጋጅቶ የተፈጨው ሚጥሚጣ ኮረሪማ ስላለው ሽታው ወደ ክትፎ ይወስዳችኋል።

ለጾም ከሆነ

ደረቅ ስፓጌቲ እንቁላል የለውም፣ ጥቅሉን ግን አንብቡ። የነጭ ሽንኩርቱና የቲማቲሙ ያለ ፎርማጆ ሙሉ ጾም ናቸው። የሚጎድላቸው ከላይ የሚነሰነሰው ነገር ነው። ለእሱ ደግሞ የደቡብ ጣሊያን ድሆች መልስ አላቸው። ፎርማጆ መግዣ ሲያጡ የደረቀ ዳቦ ፈርፍረው በዘይት ቆልተው ይነሰንሱበት ነበር። ዛሬ ሬስቶራንትም ይሠራዋል። ሁለት ቀን ያደረ ዳቦ በእጅ ፈርፍሩ፣ በሁለት ማንኪያ ዘይትና በትንሽ ጨው መጥበሻ ላይ ቀይ እስኪል ቁሉት። ስትበሉት ቀርጨም ቀርጨም ይላል። የነጭ ሽንኩርቱ ላይ ከፎርማጆ ይበልጣል እላለሁ፣ በፍስኩም ጭምር። መነስነሱ ሰሃን ላይ ከቀረበ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ እርጥበቱን ጠጥቶ ገንፎ ይሆናል።

ፔስቶን ጾም ማድረግ ይቻላል፣ ፎርማጆውን አውጥቶ ካሽውን እጥፍ በማድረግ። እውነቱን ልናገርና፣ አልወደድኩትም። ለጾም እንግዳ የቲማቲሙን ሥሩ።

ልጆች ካሉ ደግሞ የፔስቶው አረንጓዴ ያስፈራቸዋል። ቲማቲም ውስጥ የተደበቀ ፎሶሊያ ግን ሳያውቁት ያልፋል።

የተረፈ ከሆነ

የፔስቶው እንደገና አይሞቅም፤ ቀዝቃዛውን እንዳለ ብሉት፣ ድንቹ ስላለ እንደ ሰላጣ ነው። የነጭ ሽንኩርቱን መጥበሻ ላይ ከእንቁላል ጋር አድርጋችሁ ጥበሱት፣ ኔፕልሶች የተረፈ ፓስታን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። የቲማቲሙ በማግስቱ ይጣፍጣል። እኔ አንድ ጠዋት አሙቄው በእንጀራ ጠቅልዬ ስበላ እህቴ ገባች። ምንም አላለችም። እጇን ታጥባ መጣች።